«የቤት እመቤት» ብዬ የጻፍኩት

ዛሬ የአያቴ አርባ ነው። ለቅሶ የደረሳችሁ፣ የደወላችሁ፣ ከውጭ ሆናችሁ ያሰባችሁን ሁሉ እግዜር ይስጥልን። ይሄን የምጽፈው ግን ለምስጋና ብቻ አይደለም። ያጠፋሁት ነገር አለ፣ እሱን ላርም ብዬ ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ያረፈች ዕለት የእድራችን ጸሐፊ ጠጋ ብሎ «መምህር፣ የሕይወት ታሪካቸውን አንተ ጻፈው፣ ነገ ሲነበብ ይደርሳል» አለኝ። ሰፈር ውስጥ ሰው በሞተ ቁጥር ወረቀቱ የሚመጣው ወደ እኔ ነው፤ መምህር ነኛ። (በዲፕሎማ ነው እያላችሁ የምትስቁብኝ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ለዚህ ሥራ ዲፕሎማ ይበቃል።) ቅርጹን በቃሌ እወጣዋለሁ፣ እናንተም ታውቁታላችሁ። ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት፣ በቀድሞው ሸዋ ክፍለ ሀገር ተወለዱ። ትዳር መሥርተው ይህን ያህል ልጆች አፈሩ። ደግ፣ ርኅሩኅ፣ እንግዳ ተቀባይ ነበሩ። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ሟች ሴት ከሆነች መሐሉ ላይ «የቤት እመቤት ነበሩ» ይገባል። በቃ። ሃያ ደቂቃ አይፈጅም፤ የአያቴንም በሃያ ደቂቃ ጨረስኩት።

ማታ ድንኳኑ ውስጥ ለአክስቴ አነበብኩላት። «የቤት እመቤት» የሚለው ላይ ስደርስ አስቆመችኝ።

«የምን የቤት እመቤት? መቼ አርፋ ተቀምጣ ታውቅና ነው?»

እውነቷን ነው። አያቴ ጥጥ ፈታይ ነበረች። መርካቶ ወርዳ ጥጥ ትገዛለች፣ ፍሬውን በመዳመጫ ታወጣለች፣ በደጋን ትነድፋለች፣ ከዚያ ባዘቶውን ይዛ እንዝርቷን ታሾራለች። ሸማኔዎች ቤታችን ድረስ እየመጡ ፈትሉን ይወስዱ ነበር። ዋጋ ላይ ስትከራከራቸው ብታዩ! የእኔ ደብተርና የእህቴ ዩኒፎርም የወጣው ከዚያ እንዝርት ነው። እናቴ ቤይሩት ሰው ቤት ትሠራ ነበር፤ ብሩ አንዳንዴ ይመጣል፣ አንዳንዴ ወራት ሙሉ አይመጣም። እንዝርቱ ግን አያርፍም። መብራት ሲጠፋ እኔ ሻማ ፈልጌ አነባለሁ፣ እሷ በጨለማው ትፈትላለች፤ ጣቶቿ ዓይን አያስፈልጋቸውም ነበር። ይሄን እያየ ያደገ ሰው እንዴት «የቤት እመቤት» ብሎ ይጽፋል? ቅርጹ እንዲያ ስለሚል ብቻ።

ቀጥሎ የልጆቹ ቁጥር መጣ። እኔ 6 ብዬ ጽፌያለሁ። አክስቴ «ስምንት ወልዳ ሦስቱ በሕፃንነታቸው ሞተውባታል» አለች። የሞቱትን አላውቅም ነበር። ግን ሒሳቡም እምቢ አለኝ፤ ከስምንት ሦስት ሲነሳ አምስት ነው፣ እኔ የማውቃቸው እናቴን ጨምሮ ስድስት ናቸው። አክስቴ ድምጿን ዝቅ አደረገች። ትንሹ አጎቴ፣ አንድ አልጋ ላይ አብሬው ያደግኩት፣ አያቴ የወለደችው አይደለም ለካ። በ1977ቱ ረሃብ ከወሎ የመጣ ነው። እናቱ መንገድ ላይ ቀርታለች። «ጥጥ ልትገዛ ሄዳ ልጅ ይዛ መጣች» አለችኝ አክስቴ። የዚያን ሳምንት ጥጥ አልተገዛም።

አጎቴ ድንኳኑ ደጃፍ አግዳሚ ወንበር ይደረድር ነበር። ተንተባተብኩ። ምን እንደምጠይቀው ገብቶታል፤ ያውቅ ኖሯል።

«ስድስት ብለህ ጻፍ። ከተሳሳትክ እሷ ትቆጣሃለች» አለኝና ወንበሩን አነሳ። (ይሄን የምጽፈው እሱን አስፈቅጄ ነው።)

የዚያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ትዝ ያሉኝ ወይዘሮ አበበች ጎበና ናቸው። ልጆቻቸው «እዳዬ» የሚሏቸው። እሳቸውም በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለግሸን ማርያም ጉዞ ወሎ ወርደው፣ ድርቁ ወላጆቻቸውን የነጠቃቸውን ሁለት ሕፃናት ይዘው ነው አዲስ አበባ የተመለሱት። ዓመት ሳይሞላ ልጆቹ 21 ሆኑ። ባለቤታቸው ወይ እኔን ወይ ልጆቹን ቢሏቸው ልጆቹን መርጠው ከቤት ወጡ። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም በኮሮና ምክንያት ሲያርፉ አገር አለቀሰ፣ የሠሩት ሁሉ ተዘረዘረ። ይገባቸዋል፣ ሲያንሳቸው ነው። በስማቸው የተቋቋመ ማሳደጊያ አለ፣ መዝገብ አለ። አያቴን ከእሳቸው ጋር እኩል ላደርግ አይደለም። ግን አንድ ልጅ ያሳደገችው ሴት መዝገብ የላትም፤ ያላት ብቸኛ ጽሑፍ መቃብር አፋፍ ላይ የሚነበበው ያ ግማሽ ገጽ ነው። እሱንም እኔ ቢጤው በሃያ ደቂቃ ይሞነጭረዋል።

እንደ መምህር የማየውን ልንገራችሁ። «ወላጅ ይዘህ ና» ስል ነጠላዋን አጣፍታ፣ ጉልበቷን እየደገፈች የምትመጣው ብዙ ጊዜ አያት ናት። እናት ጅዳ ናት፣ ወይም ቤይሩት፣ ወይም ሞታለች። ቅጹ ላይ «የእናት ስም»፣ «የአባት ስም» እንጂ ለእሷ ቦታ የለውም፤ ጥግ ላይ «አሳዳጊ» ብለን እንጽፋታለን። ይሄ ትውልድ ግማሹ በአያት እጅ ያደገ ይመስለኛል። ታዲያ ስትሞት ምን ብለን ነው የምንጽፈው? «የቤት እመቤት» የሚለው ክብር ነው የሚሉኝ አሉ። አልስማማም። እመቤት የሚሠራላት ናት። አያቴን ማንም ሠርቶላት አያውቅም።

ዕድሜዋንም ተሳስቻለሁ። መታወቂያዋ 1936 ስለሚል 81 ብዬ አስነበብኩ። እሷ ግን «ጣሊያን ሲወጣ ድክ ድክ እል ነበር» ትለን ነበር። ጣሊያን የወጣው በ1933 ነው፤ ቢያንስ አራት አምስት ዓመት በልቼባታለሁ። የሞት ምስክር ወረቀቷ ላይ ይሄን ማረም አልተቻለም፤ እዚያ የሚታመነው መታወቂያው ነው።

ሌላውን ለመጠየቅ ረፍዷል። ቡልጋን ትታ ስትመጣ ስንት ዓመቷ ነበር? ከማን ጋር መጣች? የሞቱት የሦስቱ ልጆች ስም ማን ነበር? አክስቴ ሁለቱን ታስታውሳለች፣ ሦስተኛውን የሚያውቅ የለም። እኔ በየሴሚስተሩ ለማላውቃቸው ነገሥታት ዓመተ ምሕረት ተማሪ አስሸመድዳለሁ፤ ይሄን ግን ሠላሳ ምናምን ዓመት አብሬያት ስኖር አንድ ቀን አልጠየቅኳትም። ቡና ስትጠጣ ከጎኗ ተቀምጬ ስልክ እነካካ ነበር።

ለአርባዋ ባሳተምነው ወረቀት ላይ አስተካክዬዋለሁ። «ጥጥ ፈታይ ነበሩ» ይላል። የወለዷቸው 8፣ ያሳደጓቸው ልጆች 6፤ ከሥሩ የሁለቱ ሕፃናት ስም አለ፣ ለሦስተኛው ባዶ መስመር ትቻለሁ። የእድሩ ጸሐፊ አይቶት «ይሄ ደግሞ ምንድነው፣ ማተሚያ ቤቱ ረስቶት ነው?» አለኝ። አይደለም አልኩት።

ጸበል ጸዲቁ ከቅዳሴ በኋላ ነው። ቤቱን ታውቁታላችሁ፣ ኑ።