ውሃ ስላለው ብቻ አይቀዘቅዝም



የፈተና ውጤት በወጣ ቁጥር ወላጆች ለልጆቻቸው ምን ሽልማት ቢገዙ እንደሚሻል ያማክሩኛል። ቀደም ሲል ጥያቄው ስለ መዝገበ ቃላትና ስለ ካልኩሌተር ነበር፤ ኋላ ላፕቶፕ መጣ። አሁን አሁን ደግሞ የሚነሳው በፈሳሽ የሚቀዘቅዝ ውድ የጌም ኮምፒውተር ነው። የልጆቹ መከራከሪያ አጭር ነው፤ «ጅቡቲ ሞቃት አገር ናት፤ በፋን ብቻ የሚቀዘቅዘው አይችለውም» ይላሉ። ጥያቄውን አልንቀውም። የጌም ጉዳይ ነው ብለን ብናልፈው፣ በውስጡ ያለውን የፊዚክስ ትምህርትና የቤተሰብ ገንዘብ አብረን እናልፋለን። ሆኖም በእኔ እምነት ለአብዛኞቹ ቤቶቻችን የፈሳሽ ማቀዝቀዣ ትክክለኛው ምርጫ አይደለም። ምክንያቶቼን ላስረዳ።

ከመሠረቱ እንነሳ። ማቀዝቀዣ ሙቀትን አያጠፋም፤ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ ያጓጉዘዋል እንጂ። በፈሳሽ ማቀዝቀዣ ውስጥ ትንሽ ፓምፕ ፈሳሹን ያዞራል። ፈሳሹ ፕሮሰሰሩ ላይ ከተገጠመው ብረት ሙቀት ተቀብሎ በቱቦ ወደ ራዲያተሩ ይሄዳል፤ የራዲያተሩ ፋኖች ደግሞ ሙቀቱን ወደ ክፍሉ አየር ይበትኑታል። ውሃ በክብደት ሲለካ ከአየር አራት እጥፍ ያህል ሙቀት መያዝ ስለሚችል ለማጓጓዝ ጎበዝ ነው። መድረሻው ግን ያው የክፍሉ አየር ነው። ስለዚህ ፈሳሹ ከክፍሉ አየር በታች ሊቀዘቅዝ አይችልም። 25 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ 70 ዲግሪ የሚደርስ ፕሮሰሰር፣ ሥራውም የፋኑም ፍጥነት ሳይለወጥ ክፍሉ 38 ዲግሪ ቢሆን ወደ 83 ዲግሪ ይጠጋል። ይህ ስሌት በፋን ለሚቀዘቅዘውም በፈሳሽ ለሚቀዘቅዘውም ይሠራል። 13ቱን ዲግሪ የጨመረው ክፍሉ ነው።

«ውሃ ካለው ይቀዘቅዛል» የሚለው እምነት ከቤታችን የመጣ ይመስለኛል። በሸክላ እንስራ ያደረ ውሃ ከአየሩ ይልቅ ቀዝቃዛ እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። እንስራው የሚቀዘቅዘው ግን ውሃው በሸክላው እየሰረገ ወደ ውጭ ስለሚተን ነው፤ ትነቱ ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል። የኮምፒውተሩ ፈሳሽ በተዘጋ ቱቦ ውስጥ ስለሚዞር ይህ ዕድል የለውም። ዘመዱ እንስራ ሳይሆን የመኪና ራዲያተር ነው።

ሁለተኛው ምክንያቴ ክፍሉን ራሱን ይመለከታል። ኃይለኛ የጌም ኮምፒውተር ጨዋታ ላይ ሲሆን 500 ዋት ያህል ሊወስድ ይችላል፤ ከዚያም የሚበልጡ አሉ። ይህ ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሙቀት ሆኖ ክፍሉ ውስጥ ይቀራል። ቁጭ ያለ አንድ ሰው 100 ዋት ያህል ሙቀት ይሰጣል። እንግዲህ ኮምፒውተሩን ማብራት አምስት ሰው ጨምሮ ክፍሉ ውስጥ እንደማስቀመጥ ነው። በብዙዎቻችን ቤት ኮምፒውተሩ ያለበት ክፍል ታናናሾች የሚተኙበት ክፍል ነው። ኤሲ ካለም ያንን ሙቀት ለማውጣት ተጨማሪ ይሠራል፤ ውጤቱ በሐምሌ የመብራት ሒሳብ ላይ ይታያል። የፈሳሽ ማቀዝቀዣ ከዚህ ሙቀት ላይ አንድ ዋት እንኳ አይቀንስም።

ሦስተኛው ጥገና ነው። ባለ ፋኑ ማቀዝቀዣ የሚንቀሳቀስ አካሉ ፋኑ ብቻ ነው፤ ቢበላሽ ብዙውን ጊዜ መደበኛ የ120 ሚሊሜትር ፋን ገዝቶ መተካት ይቻላል። የፈሳሹ ግን ፓምፕ አለው፤ ፈሳሹም በዓመታት ውስጥ በቱቦው እየሰረገ በጥቂቱ ይቀንሳል። ፓምፑ ከቆመ አብዛኛውን ጊዜ መላው ዕቃ ይለወጣል፤ ምትኩ ከውጭ አገር እስኪመጣ ድረስ ኮምፒውተሩ ሥራ ይፈታል። የኸምሲን ነፋስ የሚያመጣው አቧራና የባሕሩ ጨዋማ አየር ለሁለቱም ጠላት ነው። የራዲያተሩ ክንፎች ቀጫጭንና የተጠጋጉ ስለሆኑ ግን አቧራ ቶሎ ይደፍናቸዋል።

የሌላውንም ወገን ሐሳብ ላንሳ። እንደ ኢንቴል ኮር አይ9-14900ኬ ያለ እስከ 253 ዋት የሚወስድ ፕሮሰሰር ይዞ ለረጅም ሰዓት ቪዲዮ ለሚያቀናብር ሰው ባለ 360 ሚሊሜትር ራዲያተር ይጠቅመዋል። እንዲህ ያለ ሰው በፋብሪካ ተሞልቶ የታሸገውን ይምረጥ፣ ራዲያተሩን በኬዙ አናት ላይ ያስገጥም፣ ረጅም ዋስትና ያለውን ይግዛ። በጌም ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ትልቁን ኃይል የሚወስደው የግራፊክስ ካርዱ ነው። አርቲኤክስ 4090 ብቻውን እስከ 450 ዋት ይደርሳል። ፕሮሰሰሩ ላይ የተገጠመ የፈሳሽ ማቀዝቀዣ ካርዱን አያቀዘቅዘውም። በሌላ በኩል ለጌም ተወዳጅ የሆነው ራይዘን 7 7800ኤክስ3ዲ በአምራቹ በ120 ዋት የተመደበ ስለሆነ ጥሩ ባለ ፋን ማቀዝቀዣ ይበቃዋል። ለእሱ ውድ የፈሳሽ ማቀዝቀዣ መግዛት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ስለዚህ ገንዘቡ በዚህ ቅደም ተከተል ቢወጣ እመርጣለሁ። መጀመሪያ ኃይል የማያባክን ፕሮሰሰርና ካርድ፤ ቀጥሎ ፊቱ ወንፊት የሆነና የአቧራ ማጣሪያው ተነቅሎ የሚታጠብ ኬዝ፤ ከዚያ ጥሩ ባለ ፋን ማቀዝቀዣ። ኬዙ ከግድግዳ ራቅ ይበል፤ በአቧራ ወቅት ማጣሪያው በየሳምንቱ ይጽዳ። የጨዋታውን የምስል ብዛት በሴኮንድ 60 ላይ መገደብም ብዙውን ጊዜ ሙቀቱንም የመብራት ሒሳቡንም ይቀንሳል፤ ለዚህ ደግሞ ምንም አይከፈልም።

ተማሪዎቼ፣ ቃሌን ብቻ አትቀበሉ። በቤታችሁ ወይም በትምህርት ቤታችን ኮምፒውተር ላይ ያንኑ ሥራ እያሠራችሁ የክፍሉንና የፕሮሰሰሩን ሙቀት ጠዋት፣ ቀትርና ማታ መዝግቡ፤ ከዚያ በግራፍ አስቀምጡት። ሁለቱ መስመሮች ተከታትለው ሲወጡ ታያላችሁ። ወላጆችም፣ ልጃችሁ ይህን ወረቀት ይዞ ቢመጣ «ጌም ነው» ብላችሁ አትመልሱት፤ ቁጭ ብላችሁ አንብቡለት። በመለኪያና በስሌት የተደገፈ ልመና ይዞ የሚቀርብ ልጅ የተማረውን በሥራ ላይ እያዋለ ነው። የትኛው ኮምፒውተር እንደሚገዛ ግን ያ ክፍል የሁላችሁም ስለሆነ በአንድነት ወስኑ።

መልካም የዕረፍት ጊዜ።