የሐርቢን ቸነፈርና ሁለት ክንድ ሻሽ

በዚህ ገጽ ስለ ውኃ ንጽሕናና ስለ ሕፃናት ምግብ ደጋግመን ጽፈናል። ዛሬ ደግሞ በትንፋሽ ስለሚተላለፍ ደዌ እንናገራለን። ነገሩ የተደረገው በሩቅ አገር በቻይና ነው፤ ነገር ግን ሩቅ ነው ብሎ የሚንቀው አንባቢ ቢኖር በ2012 ዓ.ም. አፍና አፍንጫችንን ሸፍነን የሰነበትንበትን ወራት ያስብ።

በቻይና ሰሜን፥ በማንቹሪያ፥ ታርባጋን የሚባል በመሬት ጕድጓድ የሚኖር ከጥንቸል የሚበልጥ አውሬ አለ። ነጋዴዎች ጠጕሩን በቀለም ነክረው እንደ ውድ ቆዳ መሸጥ በጀመሩ ጊዜ ዋጋው ተወደደ፤ ከሻንዱንግ አውራጃም ብዙ ድኾች ለአደን መጡ። የአገሩ የሞንጎል አዳኞች አካሄዱ የከበደውንና የደነዘዘውን ታርባጋን አይነኩም ነበር፤ ይህን ከአባቶቻቸው ተምረውታል። እንግዶቹ ግን ሳይሮጥ የተያዘላቸውን አውሬ እንደ ትርፍ ቈጥረው ገፈፉት። አውሬው የቸነፈር በሽተኛ ነበር።

በጥቅምት 1903 ዓ.ም. ደዌው በሰው ላይ ታየ። አዳኞቹ ከብርዱ የተነሣ በጠባብ ማደሪያ ተፋፍገው ያድሩ ነበርና አንዱ ሲስል ብዙው ታመመ፤ ደም እየተፉም በጥቂት ቀን ውስጥ ሞቱ። ለአዲስ ዓመት በዓል ወደ አገራቸው የሚመለሱ ሠራተኞችም በሽታውን በምድር ባቡር ይዘውት ሄዱ።

የቻይና መንግሥት ዶክቶር ዉ ሊየን ቴህን ወደ ሐርቢን ላከ። እኒህ ሐኪም በ1871 ዓ.ም. በፔናንግ ተወልደው በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ የተማሩ፥ በዚያን ጊዜም ገና የ31 ዓመት ሰው ነበሩ። ታኅሣሥ 15 ቀን 1903 ዓ.ም. ከከተማው ደረሱ። በአገሩ ልማድ የሞተን ሰው ሥጋ መክፈት ነውር ነበር፤ ስለዚህ የአንዲት ጃፓናዊት የማደሪያ ቤት ባለቤት ሬሳ በስውር ተከፈተ። በማይክሮስኮፕ ሲመለከቱም የቸነፈርን ተውሳክ በሳንባዋ አገኙ። እስከዚያ ድረስ ቸነፈር የሚመጣው ከአይጥ በቍንጫ ነው ይባል ነበር፤ በሐርቢን ግን የታመመ አይጥ አልተገኘም። ሐኪሙም ይህ የሳንባ ቸነፈር ነው፥ ከአፍ ወደ አፍንጫ በትንፋሽ ይሄዳል ብለው ፈረዱ።

ቃላቸውን ሁሉም አልተቀበለም። በዕድሜም በማዕርግም የሚበልጧቸው ፈረንሳዊው ዶክቶር ሜኒ የወጣቱን አሳብ ንቀው አፋቸውን ሳይሸፍኑ ወደ በሽተኞቹ ክፍል ገቡ፤ ጥቂት ቀን ቆይተውም በዚያው ደዌ ሞቱ። ስለ ሟቹ ክፉ መናገር አንወድም፤ ወደ በሽተኛ የሄዱ ደፋር ሰው ነበሩና። ነገር ግን ከታናሽ ሰው አፍ የወጣ እውነት ለመስማት እንዴት እንደሚከብድ በየመሥሪያ ቤታችን እናውቀዋለን። ከዚያ ቀን በኋላ በሐርቢን መሸፈኛውን የሚንቅ አልተገኘም።

መሸፈኛው እጅግ ቀላል ነበር። ርዝመቱ ሁለት ክንድ ያህል የሆነ ሻሽ ይታጠፋል፤ በመካከሉ መዳፍ የሚያህል ጥጥ ይገባል፤ ሁለቱም ጫፍ ተቀዶ ከራስ በስተ ኋላ ይታሰራል። ይህን ለመስፋት የሠለጠነ እጅ አያስፈልግም። ከሐኪሙ ሌላ ሬሳ አንሺው፥ ወታደሩና ጠባቂውም ሁሉ እንዲያስረው ታዘዘ።

የቻይናውያኑ ሰፈር በአራት ተከፈለ፤ ወታደሮችም መንገዱን ዘጉ። ከበሽተኛ ጋር የኖሩት ሰዎች ከምድር ባቡር ኩባንያ በተዋሱ 120 ፉርጎዎች ተለይተው እንዲቈዩ ተደረገ። ብዙዎች ቤተ ሰባቸው እንዳይወሰድባቸው በሽተኛውን ይሸሽጉ ነበር። አንፈርድባቸውም።

ከሁሉ የከበደው የሬሳው ነገር ነበር። መሬቱ በውርጭ ድንጋይ ሆኖ ስላልተቈፈረ፥ ከሁለት ሺህ የሚበልጥ ሬሳ በሜዳ ላይ ተከማችቶ ቀረ። በቻይና ዘንድ የአባትን አፅም ማክበር ከሃይማኖት የሚቈጠር ስለ ሆነ ማቃጠል እንደ ግፍ ይታይ ነበር። ሐኪሙ በራሳቸው ሥልጣን አላደረጉትም፤ ወደ ንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ልመና ልከው ፈቃድ እስኪመጣ ጠበቁ። እኛም በጸሐፊነታችን ይህን እናመሰግናለን፤ እንዲህ ያለ ትእዛዝ በጽሕፈት ባይወጣ ሕዝቡ በሐኪሞቹ ላይ በተነሣ ነበር። ፈቃዱ በደረሰ ጊዜ፥ ጥር 23 ቀን፥ በአዲስ ዓመታቸው በዓል ሰሞን፥ እሳቱ ተለኰሰ። ሰዎቹም ዝም ብለው ይመለከቱ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሟቹ ቍጥር እየቀነሰ ሄደ፤ በሐርቢን የመጨረሻው በሽተኛ የታየው የካቲት 22 ቀን ነው። በማንቹሪያና በአካባቢው ግን 60 ሺህ ያህል ሰው አልቋል። በመጋቢት መጨረሻ የ11 መንግሥታት ሐኪሞች በሙክደን ከተማ ሲሰበሰቡ፥ በሊቀ መንበርነት የተቀመጡት እኒያው ዶክቶር ዉ ነበሩ።

ዛሬ ለዚህ ደዌ መድኃኒት አለው፤ ነገር ግን በመጀመሪያው ቀን ካልተሰጠ በሽተኛው አይተርፍም ማለት ይቻላል። በዚያን ዘመን ምንም አልነበረም። ዶክቶር ዉ ጉባኤው ካለቀ በኋላ ቸነፈርን የሚከላከል መሥሪያ ቤት አቋቁመው በማንቹሪያ ከተሞች ሆስፒታሎችን አሠሩ። በ1913 ዓ.ም. ቸነፈሩ በዚያው አገር እንደ ገና ተነሣ፤ ያን ጊዜ የሞተው ሰው 9 ሺህ ያህል ነበር።