ለቤተ ሰብ ጤና፦ «እርጅና ነው» ተብሎ የሚታለፍ እብጠት



«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አባቶቻችን። ዳሩ ግን ከቤተ ሰቡ ሁሉ ይልቅ በሽታቸውን የሚደብቁት ብዙ ጊዜ አባቶች ራሳቸው ናቸው። ስለዚህ በዚህ ወር፣ በሽማግሌዎች ላይ ተሰውሮ ሊቆይ ስለሚችለው ሊምፎማ ስለሚባለው የካንሰር ዓይነት እንነጋገራለን።

ሊምፎማ የሚነሣው ሰውነትን ከበሽታ ከሚጠብቁት ነጭ የደም ሕዋሳት ነው። ብዙውን ጊዜ በአንገት፣ በብብት ወይም በብሽሽት በሚወጣ የማያም ንፍፊት ይታወቃል። አንዳንድ ጊዜ ግን መልኩን ለውጦ ይመጣል። አንዳንዶቹን ሆዳቸውን ያማቸዋል፤ የሌሎቹን ጀርባ እያመመ እግራቸውን ያደክማል፤ ሌሎቹን ደግሞ ሽፍታ ሳይታይ ሰውነታቸውን ያሳክካቸዋል። ከ60 ዓመት በላይ በሆኑ ወንዶች አንደኛው ቆለጥ ያለ ሕመም ሊያብጥና ሊጠነክር ይችላል፤ በዚህ ዕድሜ በዚያ ስፍራ ከሚወጣው ካንሰር የሚበዛው ሊምፎማ ነው። ይህን በቤተ ሰብ ገጽ ላይ መጻፍ ቢያሳፍርም፣ ኀፍረት ከሞት አይከብድም።

በጣና ዳር ደግሞ ሌላ ችግር አለ። ትኩሳትና የሌሊት ላብ ሲመጣ «ወባ ነው» ይባላል፤ የአንገት ንፍፊት ሲወጣ «ቲቢ ነው» ይባላል፤ ክሳት ሲታይ «የጾም ድካም ነው» ይባላል። ግምቱ ብዙ ጊዜ እውነት ቢሆንም ሁልጊዜ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከምና በፎገራ የታወቀው ወረርሽኝ በመጀመሪያ ወባ መስሎ ነበር፤ ኋላ ግን ሲመረመር ካላ አዛር ሆኖ ተገኘ። ሊምፎማም ትኩሳትን፣ ክሳትንና የጣፊያ ማበጥን ስለሚያመጣ ከእነዚህ በሽታዎች ጋር ይመሳሰላል። ተለይቶ የሚታወቀው ካበጠው ስፍራ ሥጋ ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ሲመረመር ነው፤ በመርፌ ተቀድቶ የሚደረገው ምርመራ ብቻውን ሁልጊዜ አይበቃም።

እንግዲህ የቤተ ሰብ ፈንታ ምንድን ነው? ከአንድ ወር በላይ የቆየ ንፍፊት፣ ልብስ የሚያርስ የሌሊት ላብ ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ ክሳት ያለባቸውን አባት ወደ ሐኪም ማድረስ ነው። ቆለጥ ሲያብጥ ግን ወር አይጠበቅም። በባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች አሉ። የቲቢ መድኃኒት የጀመሩም ያለ ሐኪም ፈቃድ አያቋርጡ፤ እብጠቱ ካልቀነሰ ግን ተመልሰው ይመርመሩ። ልጅ አባቱን መጠየቅ ቢያፍር፣ የዕድሜ እኩያቸው ወይም የንስሓ አባታቸው ይጠይቋቸው።

ከሊምፎማ ዓይነቶች አንዳንዶቹ በሽምግልናም ዘመን ቢሆን በመድኃኒት ይድናሉ። ስለዚህ «አርጅቻለሁና ተዉኝ» ሲሉ፣ በአክብሮት «አባቴ፣ አብረን እንሂድ» በሏቸው።