«ለአንቺ ታብሌት ይበቃሻል» ለምትሉን

ከውጭ አገር የሚመጣ ዘመድ ባለበት ቤት ሁሉ የሚነሳ ጥያቄ አለ፤ «ታብሌት ይምጣ ወይስ ላፕቶፕ?» ጥያቄው ራሱ ክፋት የለውም። ክፋቱ መልሱ በብዙ ቤት ጥያቄው ሳይነሳ በፊት ተወስኖ ማለቁ ነው። ለወንዱ «ኢንጂነሪንግ ነው የሚማረው» ተብሎ ላፕቶፕ ይመጣል። ለእህቱ፣ እሷም ዩኒቨርሲቲ እየተማረች፣ «ለአንቺ ቀለል ያለው ይሻልሻል» ተብሎ ባለ ሮዝ ሽፋን ታብሌት። ላኪው ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ግን ለአንዱ የሥራ ዕቃ፣ ለሌላዋ ፊልም ማያ እንደሰጠ ልብ የሚለው የለም። ስለዚህ እኔ የምለው አጭር ነው፦ ገንዘቡ ለአንድ ዕቃ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ቀላል ላፕቶፕ ይገዛ። ለወንዱም፣ ለሴቷም።

የታብሌት ወገኖች አባታቸው ስቲቭ ጆብስ ነው። አይፓድ ገበያ ላይ በዋለበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2010፣ ሰውዬው ፒሲን ከጭነት መኪና ጋር አመሳሰለው። ድሮ ገበሬው ሁሉ የጭነት መኪና ይነዳ ነበር፣ ሰው ከተማ ሲገባ ግን የቤት መኪና ተመረጠ፣ ፒሲም እንደዚያው ለጥቂቶች ይቀራል ነው ነገሩ። ለካሊፎርኒያ ጥሩ ምሳሌ ነው። እኛ አገር ግን አይሱዙ ያለው ሰው ማን እንደሆነ እናውቃለን! በ2017 ደግሞ ያው ኩባንያ አንዲት ታዳጊ አይፓዷን ይዛ ከተማውን ስትዞር በማስታወቂያ አሳየን፤ መጨረሻ ላይ ኮምፒውተር የሚባል ነገር ምን እንደሆነ እንደማታውቅ አድርጎ አስጠየቃት። ሥራ መፈለግ ስትጀምር ታውቀዋለች።

«ላፕቶፕ ይከብዳል» ይሉናል። እስቲ ሚዛን ላይ እናውጣው። በ2020 የወጣው ባለ 12.9 ኢንች አይፓድ ፕሮ 640 ግራም ገደማ ነው። ቁም ነገር ለመጻፍ ግን ኪቦርድ ይፈልጋል፤ ለእሱ የተሠራው ማጂክ ኪቦርድ ሲወጣ ዋጋው 349 ዶላር፣ ክብደቱ ደግሞ ከታብሌቱ ከራሱ የሚበልጥ ነበር። ሁለቱ ሲደመሩ 1.35 ኪሎ ገደማ ይሆናሉ። የዚያው ዓመት ማክቡክ ኤር 1.29 ኪሎ ነው። ላፕቶፕ ላለመሸከም ተብሎ ከላፕቶፕ የከበደ ነገር ይሸከሟል ማለት ነው። በዚያ ላይ ለኪቦርዱ ብቻ በሚወጣው ገንዘብ ደህና ያገለገለ ላፕቶፕ ይገኛል።

ኪቦርድ ካልተገዛ ደግሞ መስታወት መደብደብ ነው። ፊደላችን 33 ሆኖ በሰባት ሲባዛ 231 ነው፣ ዲቃሎቹን ሳንቆጥር። ቴሌግራም ላይ «ደርሻለሁ» ለማለት ጣት ይበቃል። የመመረቂያ ጽሑፍ ግን በአንድ በኩል የቃለ መጠይቁን ድምፅ እየሰሙ፣ በሌላ በኩል እየጻፉ፣ መሃል ላይ ሰንጠረዥ እያስተካከሉ፣ ከዚያም በፍላሽ ይዘው ፕሪንት ቤት የሚሮጡበት ሥራ ነው። የክፍል ጓደኛዬ ታብሌት ነበራት። አራተኛ ዓመት ላይ ግን ማታ ማታ የምናያት የሌላ ሰው ላፕቶፕ እስኪለቀቅ ስትጠብቅ ነው።

የታብሌትን ተአምር ለመስበክ የእኛኑ ልጆች የሚጠቅሱም አሉ። ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ የተባለው ድርጅት ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ባሉ ሁለት መንደሮች ትምህርት ቤት ገብተው ለማያውቁ ሕፃናት ያለ አስተማሪ የሞቶሮላ ታብሌት ሰጥቶ ነበር። በ2012 የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደተናገረው፣ ልጆቹ በአምስት ወር ውስጥ አንድሮይዱን ሰብረው ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ከፈቱት። ዓለም «ታብሌት እንዴት ያስተምራል!» ብሎ አጨበጨበ። እኔ ግን መጀመሪያውኑ ካሜራውን ማን ዘጋው እላለሁ። ታብሌት፣ በተለይ አይፓድ፣ ምን መክፈትና ምን መጫን እንደሚቻል ሌላ ሰው የሚወስንበት ዕቃ ነው። የእነዚያ ልጆች ጀግንነት ከዕቃው የተማሩት አይደለም፤ በዕቃው ላይ ያመፁት ነው።

ፍትሐዊ ለመሆን፦ መብራት ሲጠፋ ታብሌት ረዘም ላለ ሰዓት ይቆያል። ፒዲኤፍ ለማንበብ፣ ለሚስል ሰው፣ አያትን በቪዲዮ ለማናገር ግሩም ነው። ለቅጽ መሙያም እንደዚሁ፤ በ2019 ሊካሄድ ታስቦ ለተራዘመው የሕዝብ ቆጠራ ታብሌት መመረጡ አልገረመኝም። ሁለተኛ ዕቃ ለመግዛት አቅሙ ያለው ይግዛ።

አዲስ ላፕቶፕ ውድ ነው የምትሉ ልክ ናችሁ። «ስላይትሊ ዩዝድ» የሚባሉት አሉ። ግን ተጠንቀቁ፤ ዊንዶውስ 10 ድጋፉ በጥቅምት 2025 አብቅቷል፤ ስለዚህ ኢንቴል ከሆነ 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ይሁን፣ አለዚያ ዊንዶውስ 11 በደንቡ አይቀበለውም (ሊኑክስ የምትጭኑ ይህ አይመለከታችሁም፣ ክብር ለእናንተ)። ራሙ ከ8 ጊጋ አይነስ፣ ሃርድ ዲስኩ ኤስኤስዲ ይሁን፣ ክብደቱ ከ1.5 ኪሎ አይለፍ። ሻጩ ፊት ቻርጀሩን ነቅላችሁ ግማሽ ሰዓት አሠሩት፤ ቢቆጣም ይቆጣ። ላኪው ዘመድ ከሆነ ደግሞ ሞዴሉን ከነቁጥሩ ጽፋችሁ ላኩለት። ቀለሙን እሱ ይምረጥ።