ስለ ደንበኛ ምስክርነት

ነጋዴ በሁለት ዓይነት ካፒታል ይሠራል፤ አንደኛው ገንዘቡ፥ ሁለተኛው ስሙ ነው። ገንዘቡን በየቀኑ ይቈጥረዋል፤ በየዓመቱም ሒሳቡን ይዘጋበታል። ስሙን ግን የሚቈጥርለት ደንበኛው ነው። ስለዚህ ደንበኛ ከገዛ በኋላ የሚናገረውን ቃል ጠይቆ መቀበልና በጽሑፍ ማኖር ከነጋዴ ሥራ አንዱ መሆኑን፥ ይኸውም ሥራ በሆሳዕናና በሌሎቹ የሐዲያና የከምባታ ከተሞች ሊበረታ የሚገባው መሆኑን ለማመልከት እንወዳለን።

ቀድሞ የነጋዴን ስም ለማወቅ ብዙ ድካም አያስፈልግም ነበር። ገዢውና ሻጩ በአንድ ገበያ የሚገናኙ፥ በአንድ ዕድርና በአንድ ዕቁብ የሚተዋወቁ ስለ ነበሩ፥ ሚዛን የሚያጎድል ወይም ቅቤ ከባዕድ ነገር ጋር የሚቀላቅል ሰው ወሬው እስከሚቀጥለው የገበያ ቀን ድረስ አይሰወርም ነበር። ዛሬም ይህ ፈጽሞ አልቀረም። ነገር ግን ከገዢዎቻችን ብዙዎቹ አሁን በገበያችን ውስጥ የሉም።

ለዚህም ሁለት ማስረጃ ይበቃል። በ2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በተቋቋመ ጊዜ ሆሳዕና የክልሉ መንግሥት መቀመጫ ሆነች። ከዚያ ወዲህ ከወልቂጤ፥ ከወራቤ፥ ከቡታጅራ፥ ከሐላባ፥ እንዲሁም 230 ኪሎ ሜትር ያህል ከምትርቀው ከአዲስ አበባ ለጉዳይ የሚመጣው እንግዳ የትኛው ሆቴል ንጹሕ፥ የትኛው ሱቅ እውነተኛ እንደ ሆነ የሚነግረው ዘመድ በከተማይቱ ላይኖረው ይችላል። ሁለተኛው ማስረጃ ከዱራሜ፥ ከሾኔ፥ ከዶዮገና፥ ከአንጋጫና ከሆሳዕና ወደ ደቡብ አፍሪቃ የሄደው ወገናችን ነው። እርሱ በላከው ገንዘብ ቤት ይሠራል፤ ቆርቆሮውንና ሲሚንቶውን፥ በሩንና መስኮቱን በስልክ ያዝዛል። ገንዘቡ የራሱ፥ ዐይኑ ግን የሰው ነው። እንዲህ ያለው ገዢ ስለ ሆሳዕና ወይም ስለ ዱራሜ ነጋዴ የተጻፈ አንዳች ቃል አጥቶ ዕቃውን ከአዲስ አበባ ቢያዝዝ አይፈረድበትም።

የተጻፈ ምስክርነት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው በሌላ አገር በቍጥር ተመርምሯል። ማይክል ሉካ የተባሉ፥ ያን ጊዜ የሐርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤት መምህር የነበሩ ሰው፥ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ጥናት፥ በአሜሪካ በሲያትል ከተማ ያሉ ምግብ ቤቶችን ገቢ ደንበኞች የልፕ በተባለው የኢንተርኔት መድረክ ላይ ከሰጧቸው ኮከቦች ጋር አመዛዝነው ነበር። የአንድ ኮከብ ብልጫ ገቢን ከ5 እስከ 9 በመቶ ከፍ እንደሚያደርግ አገኙ። ከዚህም የሚበልጠው ቁም ነገር፥ ጥቅሙን ያገኙት በየስፍራው ቅርንጫፍ ያላቸው ስመ ጥር ድርጅቶች ሳይሆኑ በራሳቸው የቆሙት ምግብ ቤቶች መሆናቸው ነው። ዝነኛው ድርጅት ቀድሞም የታወቀ ነው፤ ምስክር የሚያሻው የማይታወቀው ነው። እኛም የምንቈጠረው ከኋለኞቹ ጋር ነው።

እንግዲህ የእኛ ነጋዴ የተጻፈ ምስክርነት የሚያንሰው ስለ ምን ነው? ደንበኛው ስላልረካ ብቻ አይደለም። የረካ ሰው መንገዱን ይሄዳል፤ የተበደለ ሰው ግን ይናገራል። የረካው እንዲናገር የሚጠይቀው ካልተገኘ የሚሰማው የተበዳዩ ድምፅ ብቻ ይሆናል። ከዚህም በላይ በሰሌዳው ላይ አንድ ስም፥ በደረሰኙ ላይ ሌላ፥ በስልክ ካርታ ላይ ሦስተኛ ስም ያለው ሱቅ፥ ወዳጁ እንኳ ሊመሰክርለት ቢፈልግ ቦታውን አያገኘውም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ስምን በሁሉም ስፍራ አንድ ማድረግ፥ በጉግል ካርታም ላይ በትክክለኛው ቦታ ማስመዝገብ ነው።

ሁለተኛው ሥራ መጠየቅ ነው፤ መጠየቅም ጊዜ አለው። ሆቴል እንግዳው ሒሳቡን ከፍሎ ሲሰናበት፥ ልብስ ሰፊ ልብሱ ተለክቶ ሲወሰድ ቢጠይቅ ይስማማል። ቆርቆሮ የሸጠ ሰው ግን በሽያጩ ቀን ቢጠይቅ የሚያገኘው ምስጋና ብቻ ነው፤ አንድ ክረምት ካለፈ በኋላ ቢጠይቅ ቤቱ ማፍሰስ አለማፍሰሱን ይሰማል። ጥያቄውም «ደስ ብሎዎታል?» የሚል አይሁን፤ ለዚህ ጥያቄ ጨዋ ሰው ሁሉ «አዎን» ይላል። «ከእኛ የገዙት ዕቃ እንዴት ሆነልዎ?» ቢባል ግን መልሱ ለሚቀጥለው ገዢ ይጠቅማል።

ደግሞም ደንበኛው በሚቀናው ቋንቋ ይመስክር። በሃዲይኛ ወይም በከምባትኛ የሚናገር ሰው በአማርኛ ካልጻፍህ ተብሎ አይከልከል። መጻፍ የማይችል ቢሆን ፈቃዱ ተጠይቆ ድምፁ በስልክ ይቀረጽ፤ አለዚያም ልጁ ወይም የሱቁ ጸሐፊ ቃሉን ሳይጨምርና ሳይቀንስ ይጻፍለት። ቀኑና የተገዛው ዕቃ አብሮ ከተጻፈ ምስክርነቱ ይጸናል። በዱራሜ የተነገረው ቃል በቴሌግራም ወይም በፌስቡክ በዚያው ቀን ጆሃንስበርግ እንደሚደርስ ማሰብ ነው።

ከሁሉ በላይ ልናስጠነቅቅ የምንወደው ግን በገንዘብ ስለሚገዛ ምስጋና ነው። ዘመዶቹንና ሠራተኞቹን አሰልፎ የሚያስመሰክር፥ ለምስጋና ቅናሽ የሚሰጥ፥ ወይም ደስ ያላቸውን ብቻ መርጦ የሚጠይቅ ነጋዴ ለጊዜው ኮከብ ያበዛ ይሆናል። ዳሩ ግን እርሱን አምኖ ዕቃ ያዘዘው ስደተኛ የተበላሸ ዕቃ ሲደርሰው፥ የሚያማው ያን አንድ ሱቅ ብቻ አይደለም፤ «የሆሳዕና ነጋዴ እንዲህ ነው» ብሎ ነው። ስለዚህ ሐሰተኛ ምስክርነት የጎረቤትን ስም ጭምር የሚበላ ዕዳ ነው። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2024 ጀምሮ የሐሰት አስተያየት መሸጥና መግዛትን በሚያስቀጣ ደንብ ከልክሏል፤ ብሪታንያም በዚያው ዓመት ባወጣችው ሕግ ይህንኑ አግዳለች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንደሚባለው፥ ገዢው ማንበብ ሲለምድ የተገዛውን ቃል ከእውነተኛው መለየቱ አይቀርም።

አንዳንድ ነጋዴዎች «ሁሉን ከጠየቅሁ ክፉ ቃል ይመጣብኛል፤ ተፎካካሪዬም በሐሰት ያስጽፍብኛል» ይላሉ። ሥጋቱ ከንቱ አይደለም። በሐሰት የሌላውን ነጋዴ ስም ማጥፋት ተገቢ ያልሆነ ውድድር መሆኑን በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ደንግጓል። ለእውነተኛው ወቀሳ ግን መድኃኒቱ መልስ ነው። ያው አዋጅ ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መግለጫ የማግኘት፥ በነጋዴውም ዘንድ በአክብሮት የመስተናገድ መብት እንዳለው ተናግሯል። ስለዚህ ነጋዴው ጥፋቱን አምኖ ዕቃውን ለውጦ፥ ያደረገውንም በዚያው ከወቀሳው ሥር ቢጽፍ፥ አንባቢው ከአሥር ምስጋና ይልቅ ይህን ያምናል። ነቀፋ የሌለበት የምስጋና ክምር ግን ራሱ ያጠራጥራል።

ይህ ነገር ላኪዎችንም ይመለከታል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ ቡና በየአካባቢውና በየደረጃው እየተመደበ ይሸጥ ስለ ነበር፥ የአንዱ አቅራቢ ምርት ከሌላው ጋር ይደባለቅ፥ የባሕር ማዶውም ገዢ ያመሰገነውን ቡና ማን እንዳቀረበው ሳያውቅ ይቀር ነበር። ስም የሌለው ዕቃ ምስክር አያገኝም። በ2009 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1051 ቡና ሳይደባለቅ በግብይት ትስስር የሚሸጥበትን መንገድ ስለ ከፈተ፥ የከምባታ ቡና አቅራቢም ሆነ ላኪው ከገዢው የሚመጣውን የቅምሻ ውጤትና ደብዳቤ እንደ ንብረት ሊያኖረው ይገባል።

የንግድ ምክር ቤትም በበኩሉ ለአባሎቹ አንድ ዓይነት የመጠየቂያ ቅጽ በሦስቱ ቋንቋዎች ቢያዘጋጅ፥ በሐሰት ስሙ የጠፋበትንም አባል አቤቱታ ቢሰማ መልካም ነው። ይሁን እንጂ ሥራው የሚጀመረው በየባንኮኒው ነው። ዛሬ ዕቃ የሸጣችሁለትን ሰው ስምና ስልክ መዝግቡ፤ ጊዜው ሲደርስ ጠይቁት፤ የሰጣችሁንም ቃል፥ ጣፋጭም ይሁን መራራ፥ ሳትለውጡ ለሚቀጥለው ገዢ አሳዩት።