ያልከፈልነው የጉዞ ዋጋ

የዱርቤቴ ወጣቶች ስልካቸውን አውጥተው ደጋግመው የሚያሳዩኝ ነገር አለ። ትልቅ ቦርሳ በጀርባው ያዘለ የፈረንጅ ልጅ በጥቂት ዶላር ከአገር አገር ይዞራል፤ ያደረበትን ቤትና የበላውን ምግብ ከነዋጋው ይናገራል። «እኛስ ይሄን መቼ ነው የምናየው?» ይሉኛል። ጥያቄያቸው ያመኛል። ብር የለም፤ ቪዛ የለም። ከዚህ ተነስቶ ዳንግላ ወይም መራዊ ለመድረስ እንኳ መንገዱ ክፍት መሆኑን አስቀድሞ መጠየቅ የሚያስፈልግበት ጊዜ ላይ ነን። ነገር ግን ባዶ ኪስ ይዞ አገር መዞር ለእኛ ለአቸፈር ልጆች ባዕድ አይደለም። እኔም ሄጄበታለሁ፤ የያዝኩት ግን አኩፋዳ ነበር።

ዳዊት ከደገምኩ በኋላ ዜማ ልማር ብዬ ወደ ጋይንት ወጣሁ። የአብነት ትምህርት ደንቡ መሄድ ነው። የጎንደርና የወሎ ልጅ ቅኔ ፍለጋ ወደ ጎጃም፣ ወደ ዋሸራና ወደ ጎንጅ ይመጣል። የጎጃም ልጅ ደግሞ ለድጓ ጋይንት ቤተልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አምባ፣ ለአቋቋም ጎንደር ይወርዳል። በሰፈሩ የቀረ ልጅ አይማርም ይባል ነበር፤ እውነትም ነው። እርሻው ይጠራዋል፣ አጨዳው ይጠራዋል፣ አባቱ መጥቶ ከየኔታ እግር ስር አንስቶ ይወስደዋል። ስለዚህ ልጁ ወሬው ወደማይደርስበት አገር ይሄዳል።

ከዱርቤቴ ተነስቶ ግልገል ዓባይን መሻገር፣ መራዊ፣ ባሕር ዳር፣ ሐሙሲት፣ ወረታ፣ ደብረ ታቦር፤ ከዚያ በጉና ግርጌ ወደ ነፋስ መውጫ። ጊዜው የደርግ ነበር። አውቶቡሱ አቧራውን አልብሶን ያልፋል፤ ኬላው ላይ የይለፍ ወረቀት አምጡ እንባላለን፤ ለውትድርና እንዳንታፈስም እንሰጋለን። ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ተራራ ነው። የዳጉሳና የበቆሎ አገር ልጅ ያንን ብርድ አያውቀውም። ደበሎዬ ባይኖር ኖሮ ምን እሆን እንደነበር እንጃ።

ሲመሽ ከአንድ ግቢ ዳር ቆመን «ቤቶች! የመሸበት የእግዚአብሔር እንግዳ አሳድሩ» እንላለን። ውሻ ይያዛል፣ ውሃ ይሞቃል፣ እግራችን ይታጠባል። ከራት በኋላ የአገሩን ወሬ ይጠይቁናል። ፊደል የቆጠረ በሌለበት ቤት ከግንባር የመጣ የልጅ ደብዳቤ ተቀምጦ ይጠብቀናል፤ እናነብላቸዋለን፤ ደግማችሁ አንብቡልን ይላሉ። የማደሪያ ሒሳባችን ይኸው ነበር።

ትምህርት ቤት ከገባን በኋላም ኑሮው በደጃፍ ነው። የጎጆ ጓደኞች መንደሩን ተከፋፍለን ለልመና እንወጣለን፤ ማታ ሁሉም ያመጣው በአንድ ላይ ይፈስና እኩል ይበላል። የተረፈው ደርቆ ድርቆሽ ሆኖ ለክረምት ይቀመጣል።

አንድ ቀን ከደብረ ታቦር ወዲያ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብዬ ከአንድ ደጅ ቆምኩ። ሴትዮዋ ውሻቸውን ይዘው «አገርህ ወዴት ነው፣ ልጄ?» አሉኝ። አቸፈር ስላቸው «ቁጭ በል» አሉ። ልጃቸው ቅኔ ሊማር ጎጃም ወርዶ ወሬው ጠፍቶባቸዋል። ላውቀው እንደማልችል ያውቃሉ፤ ግን መልኩን፣ ቁመቱን፣ ሲናገር የሚያደርገውን ሁሉ ነገሩኝ። «እናትህ ለተማሪ ትሰጣለች?» ብለው ጠየቁ። ትሰጣለች አልኳቸው። በቁራሽ ፈንታ ሙሉ የገብስ እንጀራ በሽሮ አቀረቡልኝና ስበላ እያዩኝ «እንግዲያ እሷም የእኔን አትመልሰውም» አሉ።

እናቴ እውነትም ትሰጥ ነበር። በጋገረች ቁጥር አንዱን እንጀራ ለተማሪ ብላ ለይታ ታስቀምጣለች፤ እኛ ልጆቿ ርቦን እንኳ አንነካውም። እሷና የጋይንቷ ሴት በዓይን ሳይተያዩ አንዳቸው የሌላይቱን ልጅ አሳደጉ። ርካሽ ጉዞ የሚባል ነገር አለ ብዬ የማላምነው ለዚህ ነው። ተጓዡ ካልከፈለ የከፈለለት ሰው አለ፤ ብዙ ጊዜም ከእሱ የባሰ ድሃ ነው።

እንዲህ ያለው ደጃፍ ባሕር ማዶም ነበረን። ኢየሩሳሌም ለመሳለም በረሃ አቋርጠው ከሄዱት አባቶች ሮም የዘለቁም ነበሩ። ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ በቅዱስ እስጢፋኖስ ስም የተሰየመ ቤተ ክርስቲያንና ማረፊያ ተሰጥቷቸው ነበር። የግእዙ ሐዲስ ኪዳን እ.ኤ.አ. በ1548 እና በ1549 ሮም ላይ እንዲታተም የደከመው ተስፋ ጽዮን የኖረው እዚያ ነው። በዚያው አቆጣጠር በ1649 ደግሞ ኢትዮጵያዊው አባ ጎርጎርዮስና ወጣቱ ጀርመናዊ ኢዮብ ሉዶልፍ እዚያው ተገናኙ፤ የሉዶልፍ የግእዝና የአማርኛ ሰዋስው መጻሕፍት ከዚህ ትውውቅ ብዙ አግኝተዋል። ለመንገደኛ መኝታና ምግብ መስጠት እንዴት ያለ ፍሬ እንዳፈራ ለማየት ይህ ይበቃል።

ዛሬ ከተማችን በቆርቆሮና በብረት በር ታጥራለች። ተማሪው ያንኳኳል፤ ከውስጥ ቴሌቪዥኑ ይጮኻል፤ የሚሰማው የለም። ዘመኑ አስፈሪ ስለሆነ የማያውቁትን ሰው ማሳደር ያሰጋል፤ የቤት እመቤቶቹን ልወቅስ አልችልም። በተዘጋ መንገድ ምክንያት ወደ ቤቱ መመለስም ወደሚቀጥለው ጉባኤ ቤት መሻገርም ያቃተው ልጅ ግን ምን ይብላ? ሰንበቴ አለን፣ የጽዋ ማኅበር አለን። እያንዳንዱ ማኅበር አንድ አንድ ወር ይያዝ፤ በተራው ወር እንጀራውን አስጋግሮ በአቅራቢያው ላለ ጉባኤ ቤት፣ ለየኔታ ያድርስ። እኔ ያለሁበት ማኅበር ሐምሌን እንዲይዝ ሐሳብ አቀርባለሁ፤ በክረምት ጎጆው ያፈስሳል፣ ድርቆሹም ያልቃል።