የሊኑክስ ጀማሪ በምን ይጀምር?

ሊኑክስን ለጀማሪዎች የሚያስተምሩ ብዙ መምህራን በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የሚያሳየውንም የሚያጠፋውንም ትእዛዝ በአንድነት ደርድረው በእኩል ማዕረግ ማስጠናታቸው፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ ሊታረም የሚገባው ልማድ ነው።

በተርሚናል ፊት የተቀመጠ ተማሪ ከሁሉ አስቀድሞ ሊያውቅ የሚገባው የቆመበትን ስፍራ ነውና፣ በፒደብሊውዲ ያለበትን ፎልደር ሙሉ አድራሻ ጠይቆ፣ በኤልኤስ በውስጡ ያለውን ተመልክቶ፣ በሲዲ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተሻገረ፣ እጁ እስኪለምድ ድረስ በእነዚህ በሦስቱ ይቆይ፤ አንዳቸውም ፋይል አያበላሹምና ያለ ፍርሃት ሊመላለስባቸው ይቻለዋል። ግልባጭ የሚያወጣው ሲፒ፣ ቦታና ስም የሚለውጠውም ኤምቪ ይከተሉ፤ ነገር ግን ሁለቱም በመድረሻቸው ተመሳሳይ ስም ያለው ፋይል ቢያገኙ፣ ጠይቁ ተብለው ካልታዘዙ በቀር፣ በላዩ እንደሚጽፉበት በዚያው ዕለት ይነገረው።

ፋይል የሚያጠፋው አርኤም በመጨረሻ ይምጣ። በማውስ የጠፋ ፋይል ወደ ቆሻሻ መጣያው ገብቶ ባለቤቱን የሚጠብቅ ሲሆን፣ አርኤም ግን መጣያ የሌለው፣ ሥራውንም ሲፈጽም አንዲት ቃል የማይተነፍስ ትእዛዝ ነው፤ ይህም ዝምታ ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ እ.ኤ.አ. በ1969 በቤል ላብስ ከጀመሩት ከዩኒክስ የተወረሰ ጠባይ ነው። «ረቂቅ» ብለው የሚጀምሩትን ፋይሎች ለማጥፋት ያሰበ ወጣት የኮከብ ምልክቱን ከቃሉ ጋር በማያያዝ ፈንታ በመካከል አንዲት ባዶ ቦታ ቢጥል፣ ኮከቡ ለብቻው ተነጥሎ፣ ከተሰወሩት በቀር፣ በፎልደሩ ያሉትን ፋይሎች ሁሉ ይጠራና የብዙ ወራት ድካም በቅጽበት ከንቱ ይሆናል። ኤልኤስን አጥብቆ የተማረ ግን ያንኑ አጻጻፍ በመጀመሪያ በኤልኤስ ፈትኖ፣ የሚጠፉትን በዓይኑ አይቶ፣ ከዚያም በአርኤም ላይ ሰረዝ አይ የተባለውን ምልክት ጨምሮ ስለ እያንዳንዱ ፋይል እንዲጠየቅ ያደርጋል።

ባዶ ቦታ ይህን ያህል ኃይል ያገኘው፣ በተርሚናሉ የተጻፈውን ትእዛዝ አንብቦ የሚያስፈጽመው ሼል ቃልን ከቃል የሚለየው በእርሱ ስለ ሆነ ነው፤ ስለዚህም ባዶ ቦታ ያለበትን ስም በትእምርተ ጥቅስ ማጠር ግድ ይሆናል። አበው ቃልን ከቃል ይለዩበት የነበረው ሁለት ነጥብ ግን በሼሉ ዘንድ እንደ ማንኛውም ፊደል የሚቈጠር በመሆኑ፣ «የመመረቂያ፡ጽሑፍ» ተብሎ የተሰየመ ፋይል ያለ ጥቅስ ይታዘዛል። ተማሪዎቻችንም ፋይሎቻቸውን በገዛ ፊደላቸው ለመሰየም የሚከለክላቸው የለም፤ በተለመደው የኤክስት4 ሥርዓት አንድ ስም እስከ 255 ባይት ስለሚይዝ፣ በዩቲኤፍ-8ም እያንዳንዱ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ፣ ለአንድ ፋይል እስከ 85 ፊደል ያለው ስም ሊወጣለት ይችላል።